ጥጥ ሲዘራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በመካከለኛው አዋሽ በመስኖ ለሚለማ ጥጥ የተለመደው ርቀት በመስመር መካከል 90፣ በተክል መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ነው። በሄክታር 55,500 ያህል ተክል ይሆናል። በብዙ ማሳ መስመሩ በገመድ ይለካና የተክሉ ርቀት ይዘነጋል።

አለማሳሳት

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት የበዛውን ችግኝ ነቅሎ አለማሳሳት ነው። በአንድ ጉድጓድ 3 ወይም 4 ዘር የሚጣለው የማይበቅል ይኖራል ተብሎ እንጂ ሁሉም እንዲያድግ አይደለም። የበቀለን መንቀል ያሳሳል፤ እባካችሁ አትሳሱ! ሦስቱ አብረው ሲቀሩ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛሉ፤ የታችኛው ቅርንጫፍ ጥላ ውስጥ ገብቶ እምቡጡን ያረግፋል፤ ከሥር የቀረውም ፍሬ በእርጥበት ይበሰብሳል። የውሃው ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ጥጥ አብዝቶ የሚጠጣው ከአበባ ጀምሮ ፍሬው እስኪሞላ ሲሆን፣ የተጨናነቀ ማሳ ግን ቅጠሉ ቀድሞ ስለሚበዛ ገና ሳያብብ የአፈሩን እርጥበት ይጨርሰዋል።

3 ወይም 4 እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ጠንካራውን አስቀርታችሁ ሌላውን ንቀሉ። ከዘገያችሁ ሥሩ ተጠላልፏልና አትንቀሉት፤ ከአፈሩ አስጠግታችሁ ቁረጡት።

ከመደቡ አናት ላይ መዝራት

በአፋር እንዳለው አሚባራ ወረዳ፣ ጨው በሚያስቸግረው መሬት ውሃው ከቦዩ ወደ መደቡ አናት ሰርጎ ሲተን ጨውን እዚያው ይተወዋል። ያደገ ጥጥ ጨው ይችላል፤ በመብቀል ላይ ያለ አይችልም። ዘሩን በመደቡ ጎን፣ ውሃው ከሚደርስበት ትንሽ ከፍ አድርጉት።

አጥልቆ መዝራት

3 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከ5 አይለፍ። ዋልካ አፈር ላይ በደረቁ ዘርቶ ማጥለቅለቅ የአፈሩን ገጽ ቅርፊት ያስይዛል። አስቀድማችሁ አጠጡ፤ ጠፈፍ ሲል ዝሩ።

ክፍተትን በችግኝ መሙላት

የጥጥ ዋና ሥር ከተነካ ተክሉ ይቀጭጫል። ከዘራችሁ በ10 ቀን ውስጥ በዘር ተኩ። አንድ ተክል ብቻ ከጎደለ ተዉት፤ በግራና በቀኝ ያሉት ተክሎች ቅርንጫፍ ሰደው ይሞሉታል።

ብተና

ሁመራና መተማ በዝናብ ለምትዘሩም ቢሆን በመስመር ይሁን። ብተና ለመኮትኮት አይመችም፤ አረሙ ውሃውን ይሻማል።

ሁሉንም ቦይ ሁልጊዜ መሙላት

አንድ ሄክታርን በ1 ሚሊ ሜትር ከፍታ የሚሸፍን ውሃ 10,000 ሊትር ነውና ውሃ ቆጥቡ። ሥሩ ከያዘ በኋላ አንዱን ቦይ ዘልላችሁ አጠጡ፤ በቀጣዩ ዙር የተዘለለውን። አሸዋማ አፈር ላይ ግን አትሞክሩት፤ ውሃው ወደ ጎን ሳይሄድ ወደ ታች ይሰምጣል።