አንድን ፕሮግራም ለተለያዩ ፕሮሰሰሮች በዴቢያን ፓኬጅ እንዴት እናዘጋጃለን?

ደሴ ቁጭ ብላችሁ ለእህል ነጋዴ የሚሆን የሂሳብ ፕሮግራም ሠራችሁ እንበል። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ያለበት ላፕቶፓችሁ ላይ እንከን የለውም። ኮምቦልቻ ያለው ደንበኛ ግን የጤፍና የማሽላ ሂሳቡን የሚይዘው አርም የሚባል ፕሮሰሰር ባላት ትንሽ ኮምፒውተር፣ በራስበሪ ፓይ ነው። ፓኬጁን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የታሸገበትን ፋይል፣ ልትጭኑለት ስትሉ «አርክቴክቸሩ (የፕሮሰሰሩ ዓይነት) አይገጥምም» የሚል መልስ ይመጣል። አብሽሩ፣ ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ኮምፓይል የተደረገ (ወደ ማሽን ቋንቋ የተቀየረ) ፋይል አርም ፕሮሰሰር ላይ አይሠራም፣ በቃ።

መጀመሪያ የደንበኛውን ማሽን እወቁ። ብዙ ሰው ዩኔም በሚባለው ትዕዛዝ ይጠይቃል። እሱ ግን የሚናገረው ስለ ከርነሉ፣ ስለ ሲስተሙ እምብርት፣ ብቻ ነው። ራስበሪ ፓይ ላይ ከርነሉ 64 ቢት ሆኖ የቀረው ሲስተም 32 ቢት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የፓኬጅ ጫኙን ዲፒኬጂን ራሱን አርክቴክቸሩን ጠይቁት፤ የሚታመነው የሱ መልስ ነው።

ቀጥሎ ፕሮግራሙን ለሁለት ክፈሉት። ፎንት፣ ሥዕል፣ የአማርኛ ትርጉም ፋይልና ንጹህ የፓይተን ኮድ የትም ስለሚሠሩ ለብቻቸው ይታሸጉ። የፓኬጁ መግለጫ በሆነው ኮንትሮል ፋይል ላይ አርክቴክቸራቸው «ኦል» ይባል፤ አንዱ ፓኬጅ ለሁሉም ይሆናል ማለት ነው። ኮምፓይል የሚደረገው ክፍል ደግሞ «ኤኒ» ይባል፤ ለየፕሮሰሰሩ ለየብቻ ይገነባል ማለት ነው። የፕሮሰሰር ስም እየዘረዘሩ መጻፍ እኔ አልወድም። ዴቢያን 13 በ2025 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሪስክ ፋይቭ የሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት በይፋ ተጨመረ። «ኤኒ» ያለ ሰው ያን መስመር መንካት አላስፈለገውም፤ የዘረዘረው ግን ፋይሉን እንደገና መክፈት ነበረበት።

አሁን ወደ ኮዱ። ኮምፓይለሩን «ለዚሁ ማሽን አመቻች» የሚል ትዕዛዝ ካለ አጥፉት፤ አሮጌ ኢንቴል ላይ እንኳ ፕሮግራሙን ሊገድለው ይችላል። የሲ ቋንቋ ተጠቃሚዎች ደግሞ ቻር ላይ፣ አንድ ባይት በሚይዘው የዳታ ዓይነት፣ ተጠንቀቁ። ሊኑክስ ላይ የኢንቴሉ ቻር ኔጌቲቭ ቁጥር ይይዛል፣ የአርሙ በነባሪ አይይዝም። ፋይል ሲያልቅ የሚመጣው -1 እዚያ ውስጥ ሲገባ 255 ይሆናል። ፋይሉን የሚያነበው ሉፕም (ድግግሞሽ) ፋይሉ ማለቁን ሳያውቅ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ላፕቶፓችሁ ላይ ይሄ ስህተት በጭራሽ ላይታይ ይችላል። የተነበበውን ባይት ሰፋ ባለው የቁጥር ዓይነት፣ ኢንት ውስጥ አስቀምጡት።

ለመገንባት ቀላሉ መንገድ አርም ማሽን ላይ መሥራት ነው። ከሌላችሁ ኪውኢሙ የሚባለው ፕሮግራም ላፕቶፓችሁን እንደ አርም ያስመስለዋል። ግን ቀርፋፋ ነው፣ ለአርም የሚሆኑ ላይብረሪዎችንም እንደገና ያወርዳል። ባትሪያችሁን ሞልታችሁ ጀምሩ፤ መብራት ሄድ መጣ ካለ ሥራው መሀል ላይ ይቀራል።

ሲያልቅ «ፋይል» በሚለው ትዕዛዝ ውጤቱ እውነት የአርም መሆኑን እዩ፣ ከዚያ እውነተኛ ማሽን ላይ ሞክሩት። ኪውኢሙ ላይ ሠራ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ሁሉንም ፓኬጅ አንድ ማከማቻ ውስጥ አስገቡ፤ ፓኬጅ አውርዶ የሚጭነው አፕት ለየማሽኑ የሚሆነውን ራሱ ይመርጣል።

ሐይቅም ሆነ ወልዲያ ያረጀ ዴስክቶፕ ያለው ደንበኛ ከመጣስ? ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ኢንቴል ከርነልም ማስጫኛም የለውም። ለእሱ ብላችሁ ተጨማሪ ፓኬጅ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ፕሮሰሰሩን በኤልኤስሲፒዩ ትዕዛዝ እዩት። 64 ቢት የሚችል ማሽን ላይ 32 ቢት ሲስተም ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ሲስተሙን መቀየር ይቀላል።