ለሦስት ቀን ሳንታ ፌ፦ እረፍትዎን የሚያበላሹ ስህተቶች

የኒው ሜክሲኮዋ ሳንታ ፌ ትንሽ ከተማ ናት። ስፔኖች በ1610 ዋና ከተማ አደረጓት። ቤቶቿ የጭቃ ቀለም አላቸው፤ በየመንገዱ ሥዕል፣ ሸክላና የብር ጌጥ ያገኛሉ። ዴንቨር ወይም ዳላስ ለሚኖር ሐበሻ ለረዘም ላለ የሳምንት መጨረሻ ጥሩ ማረፊያ ናት። ብዙ ሰው ግን ለማረፍ ሄዶ ደክሞት ይመለሳል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከቤት ሳይወጣ ያወጣው ፕሮግራም ላይ ነው።

ሰሜን ኒው ሜክሲኮን በሙሉ ልይ ማለት

ካርታ ላይ ሁሉም ቅርብ ይመስላል። ታኦስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሰዓሊዋ ጆርጂያ ኦኪፍ የኖረችበት አቢኪዩ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የጥንት ሰዎች ገደል ፈልፍለው የኖሩበት ባንዴሊየርም አለ። ሁሉንም የሚፈልግ ሰው ሦስቱንም ቀን መሪ እንደጨበጠ ያልፋል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይምረጡ። አቢኪዩን ከመረጡ የኦኪፍን ቤት ለማየት አስቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ነው።

የቀረውን ጊዜ ለከተማዋ ይስጡት። ማደሪያዎን ፕላዛ ከሚባለው አደባባይ አጠገብ ቢይዙ መኪናውን ሊረሱት ይችላሉ። ካንየን ሮድ የሚባለው መንገድ ጋለሪ በጋለሪ ነው፤ መግቢያ አይከፈልም። ለመግዛት ያላሰበ ሰው መግባት የሚከለክለው የለም፤ አይፈሩ። አርብ አመሻሽ ላይ ብዙዎቹ አዲስ ሥራ ሲያስመርቁ ሰዓሊዎቹን ራሳቸውን ያገኛሉ። ሙዚየም ከሆነ ምርጫዎ፣ እኔ የዓለም አቀፍ ባህላዊ ጥበብ ሙዚየሙን አስቀድማለሁ። ዲዛይነሩ አሌክሳንደር ጊራርድ ከመላው ዓለም የሰበሰባቸው አሻንጉሊቶችና ትንንሽ የሸክላ ከተሞች እዚያ ናቸው። ልጅ ይዘው ከሄዱ ግማሽ ቀን ይመድቡለት።

"እኛ የደጋ ሰዎች ነን" ብሎ መዘናጋት

ሳንታ ፌ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አዲስ አበባ እንኳ ከዚያ ትንሽ ከፍ ትላለች። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከፍታው ምንም አይመስለንም። ግን ዋሽንግተን ወይም ሂዩስተን ዓመታት የኖረ ሰውነት ደጋ መልመዱን ትቷል። የመጀመሪያው ቀን ራስ ምታት፣ የትንፋሽ ማጠርና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። አየሩ ደግሞ በረሃ ነው፤ ላብዎ ወዲያው ስለሚደርቅ ውሃ እያጡ እንደሆነ አይታወቅዎትም። የደረሱ ዕለት ተራራ አይውጡ። ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ፤ የአልኮል መጠጥ ደግሞ ለሁለተኛው ምሽት ይቆይ። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለባቸው እናት ወይም አባት አብረው የሚሄዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ትኬት አይቁረጡ።

በረንዳው ላይ ዋጋ መከራከር

ፕላዛው ፊት ለፊት ፓላስ ኦቭ ዘ ገቨርነርስ የሚባል አሮጌ ሕንፃ አለ። በረንዳው ሥር የአገሬው ነባር ሕዝቦች፣ ፑዌብሎና ናቫሆን ጨምሮ፣ ጨርቅ አንጥፈው ጌጥና ሸክላ ይሸጣሉ። እዚያ የሚቀርበው ሻጩ ወይም ቤተሰቡ በእጁ የሠራው ብቻ ነው፤ ደንቡ ጥብቅ ነው። እኛ መርካቶ የለመድነው "ስንት ትቀንሳለህ?" እዚህ ያስቀይማል። ያ የብር አምባር የስንት ቀን ድካም እንደሆነ የሚያውቀው ሠሪ ፊትዎ ተቀምጦ ሳለ፣ ዋጋ ከመጨቃጨቅ እንዴት እንደሠራው ቢጠይቁት ይሻላል። ደስ ብሎት ያስረዳዎታል። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊትም ያስፈቅዱ። ወደ ፑዌብሎ መንደሮች ከሄዱ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱ የፎቶ ሕግ አለው፤ በሥርዓተ በዓል ጊዜ ብዙዎቹ ጨርሶ ይከለክላሉ።

ቀኑን ሳያዩ ትኬት መቁረጥ

በነሐሴ አጋማሽ የኢንዲያን ማርኬት የሚባለው ትልቅ ገበያ አለ፤ የተጀመረው በ1922 ነው። በሐምሌም የዓለም አቀፍ ባህላዊ ጥበብ ገበያ ይካሄዳል። ሁለቱም ማየት የሚገባቸው ናቸው፤ ግን ሆቴል ይወደዳል፣ ሰዉም ይበዛል። ፀጥታ የሚፈልግ ሰው መስከረም መጨረሻን ወይም ጥቅምትን ይምረጥ። ያኔ ተራራው ላይ የአስፐን ዛፎች ቢጫ ይሆናሉ።

በአልበከርኪ ከተማ ኤርፖርት በኩል የሚመጡ ከሆነ ሬይል ራነር የሚባል ባቡር አለ። ባቡሩ ግን ኤርፖርት ድረስ አይመጣም፤ ቅዳሜና እሁድም ጉዞው ጥቂት ነው። ሰዓቱን አስቀድመው ይመልከቱ።

ምግቡ ውስጥ ያለውን አለመጠየቅ

አስተናጋጁ "ቀይ ወይስ አረንጓዴ?" ይላል፤ የቺሊውን ስጎ ማለቱ ነው። ሁለቱንም ከፈለጉ "ክሪስማስ" ይበሉ። በርበሬ ያደገበት ምላስ ይወደዋል። ጾመኛ ወይም አሳማ የማይበላ ሰው ግን ሳይጠይቅ አይዘዝ። ስጎው ብዙ ጊዜ በአሳማ ሥጋ ይሠራል፤ ባቄላውም በአሳማ ስብ ሊታሽ ይችላል። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሳህን ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ለቀኑ ፀሐይ ብቻ መልበስ

ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ድንገት ነጎድጓድና ዝናብ ይመጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ በበጋም ይቀዘቅዛል። የሳንታ ፌ ኦፔራ ትኬት ከያዙ ቲያትሩ ጣሪያ እንጂ የጎን ግድግዳ የለውም። ጃኬትና ጋቢ ይያዙ።