ከጓሮ ቀጥፎ ለመብላት፦ ባህር ዳር ላይ ከወጥ ቤት በር ስር እንዴት ይጀመራል?

ባህር ዳር ላይ ትንሽ ጓሮ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ከተማዋ ያለችው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ማንጎውም ጎመኑም በአንድ ግቢ ይበቅላሉ። እንዲህም ሆኖ ስንቱ ቤት ቃሪያውን ከጉሊት እየገዛ ጓሮውን ለሳር ትቶታል። ስንፍና ግን አይመስለኝም። ሰው ጓሮ ማልማት ሲባል ትልቅ ነገር ነው የሚያስበው፤ ጉድጓድ፣ አጥር፣ ሠራተኛ፣ ብዙ ብር። እኔ የምላችሁ ተቃራኒውን ነው። አንድ መደብ ብቻ ሥሩ፤ እሱንም ከወጥ ቤቱ በር አታርቁት።

ቦታው ከሁሉም ይቀድማል። ድስቱ ላይ ሽንኩርት እየተቁላላ ወጣ ብላችሁ ቃሪያ ቀጥፋችሁ፣ ሽንኩርቱ ሳያር መመለስ መቻል አለባችሁ። ከዚያ ከራቀ ትረሱታላችሁ፤ የተረሳ ጓሮ ደግሞ ደስታው ቀርቶ ሸክም ይሆናል። ፀሐይ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ያግኘው። የማንጎ ጥላ ለቡና መጠጫ እንጂ ለቃሪያ አይሆንም።

መደቡ 1 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ርዝመት ካለው ይበቃል። ከዚያ በላይ አታስፉት፤ እጃችሁ ከሁለቱም ጎን መሃሉ ድረስ ከደረሰ አፈሩን መርገጥ አያስፈልግም። ከፍ አድርጉት፣ አንድ ስንዝር ያህል። እዚህ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ ታውቁታላችሁ። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ውሃ ያቁርና ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ በጋ ላይ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ለሁለቱም መድኃኒቱ ፍግ ነው፣ ግን የበሰለ ፍግ። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። መብሰሉን ለማወቅ ጨበጥ አድርጉት፤ ሽታው ጠፍቶ እጃችሁ ላይ እንደ አፈር ከተፈረፈረ ደርሷል። የገጠር ዘመድ ካላችሁ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ለምኑ፤ ደስ ብሏቸው ነው የሚሰጧችሁ፣ ምክሩም አብሮ ይመጣል።

መጀመሪያ ጎመንና ቃሪያ ትከሉ። ቲማቲም በሽታ ስለሚወድ ለሚቀጥለው አቆዩት። ጎመኑን በቀጥታ ዝሩት፤ በቅሎ ሲጠጋጋ ታሳሱታላችሁ፣ ያሳሳችሁትም ለጋ ቅጠል ይበላል። ለቃሪያ ችግኝ ይሻላል። በየ40 ሴንቲ ሜትሩ፣ ፀሐይ ሲበርድ አመሻሽ ላይ ትከሉትና ውሃ አጠጡት። ጠርዙ ላይ በሶብላ፣ ደረቅ ያለው ጥግ ላይ ጤና አዳም ይቀመጥ፤ ጤና አዳም እርጥበት ሲበዛበት ይሞታል።

ልጆች ካሉ ከመደቡ ጫፍ ቁራጭ ቦታ ስጧቸው፣ የራሳቸው ትሁን። ጎመን ይዝሩባት። ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ብቅ ስለሚል ትዕግሥታቸው አያልቅም። ጠዋት ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን አንግተው፣ ቁጢጥ ብለው አፈሩን ሲያዩ ማየት ለእኔ ከየትኛውም መዝናኛ ይበልጣል። ቢያበላሹም አትቆጧቸው።

ውሃ በጠዋት ወይም አመሻሽ፣ ከሥሩ። ሳሙና ያልነካው የአትክልት እጣቢም ይሆናል። የጎመኑን ቅጠል አልፎ አልፎ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ፤ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ተጣብቆ ካገኛችሁ ቀጭን የሳሙና ውሃ ርጩበት፣ ወይም አመድ ነስንሱበት። ሲደርስ ደግሞ ከታች ከታች ነው የሚቀጠፈው። እናቴ ጎመን ከአናቱ የሚቀጥፍ ሰው ስታይ አትታገሥም፤ እውነቷን ነው፣ አናቱ ካልተነካ ለወራት ይሰጣችኋል።

አሁን ወደ ድስቱ። ለዚህች መደብ የሚገባት ምግብ የአሳ ዱለት ነው፣ በተለይ እሑድ ቤተሰብ ሲሰበሰብ። ጠዋት ከጣና የወጣ ቀረሶ ግዙ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ስትጫኑት የሚመለስ ይሁን። ቆዳውና እሾሁ የወጣለት 1 ኪሎ ለአምስትና ለስድስት ሰው ይበቃል። እሾህ መቅረት አለመቅረቱን በጣታችሁ ዳብሳችሁ አረጋግጡ፣ ልጆች ይበሉታልና። ከዚያ በደንብ ክተፉት። ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት አድቅቃችሁ በዘይት አቁላሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ፣ አሳውን ክተቱና እሳቱን ከፍ አድርጋችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ። ውሃ አይጨመርም፤ አሳው የራሱን ያወጣል፣ ያ ውሃ እስኪመጥና ሥጋው ነጥቶ ፍርፍር እስኪል ነው የሚጠበቀው። በመጨረሻ ጨው፣ ኮረሪማ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ። ቃሪያውን እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው የምትጨምሩት። አሁን ወጣ በሉ፣ አራት አምስት ፍሬ ቀጥፉ፣ ክተፉና ጣል አድርጉ። ገና ከግንዱ የተቀጠፈ ቃሪያ ትኩሱ ዱለት ላይ ሲያርፍ የሚሰጠውን ሽታ ሱቅ አትገዙትም። ጎኑ ላይ ጎመን፣ ከሥር እንጀራ፣ ሁሉም በአንድ ትሪ። ስልኮቹ ሌላ ክፍል ይቆዩ።

ከበሉ በኋላ ቡና ይፈላ፣ የዘጌ ከተገኘ እሰየው። ጤና አዳሙን ልጆቹ ይቅጠፉ፣ አንድ አንድ ቅንጣቢ በየስኒው። አያት ካሉ በዚህ ሰዓት ስለ ድሮው ጓሯቸው ጠይቋቸው፤ ምን መቼ እንደሚዘራ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

አንድ ነገር እንዳትረሱ። ከጎመኑ ሁለቱን እግር አትቅጠፏቸው፣ ያብቡ። ቆባው ደርቆ ሳይፈነዳ ቁረጡና ጨርቅ ላይ አርግፉት፣ ዘሩን ጥላ ላይ አድርቁና በደረቅ ጠርሙስ ክደኑት። ለእናንተ ተርፎ ለጎረቤትም ይበቃል።