የፈረንሳይ ወይን እንዴት ይቀመሳል? በሶስት ጠርሙስ የሚጀመር ቅምሻ

መጀመሪያ የፈረንሳይ ወይን ቅምሻ ላይ በተቀመጥኩበት ቀን አጠገቤ ያሉት ሁሉ «ካሲስ ይሸታል» ይሉ ነበር። ካሲስ ፈረንሳዮች የሚወዱት ትንሽ ጥቁር ፍሬ ነው። እኔ በልቼው አላውቅም። ለእኔ የሸተተኝ ጦስኝ ነበር፤ ግን አፍሬ ዝም አልኩ። በኋላ ሳነብ ወይኑ የመጣበት በደቡብ ፈረንሳይ ያለው የደቡብ ሮን አካባቢ የዱር ጦስኝና ሮዝመሪ የሚበቅልበት ቁጥቋጦ የሞላው እንደሆነ፣ ፈረንሳዮችም ያንን ሽታ «ጋሪግ» ብለው እንደሚጠሩት አወቅኩ። ከዚያ ወዲህ አፍንጫዬን አምናለሁ። እናንተም የራሳችሁን እንድታምኑ እፈልጋለሁ።

ሶስት ጠርሙስ ጎን ለጎን

አንድ ወይን ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ከሌላ ጋር ስታወዳድሩት ግን ይናገራል። ስለዚህ ጓደኞቻችሁን ጥሩና ወጪውን ተካፈሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ እነዚህን ሶስቱን እመርጣለሁ፦ ነጩን ሳንሴር፣ ቀለል ያለውን ቀይ ቦዦሌ፣ ጠንከር ያለውን ቀይ ክሮዝ ኤርሚታዥ። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። ለቅምሻ ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ስድስት ሰባት ሰው ቢመጣም ይተርፋችኋል።

የጠርሙሱ ወረቀት ግራ ሊያጋባችሁ ይችላል። የፍሬው ስም ብዙ ጊዜ አይጻፍበትም፤ የሚጻፈው የቦታው ስም ነው። እኛ ቡናን ይርጋጨፌ፣ ሐረር፣ ሲዳማ እንደምንለው ማለት ነው። ፈረንሳዮች ይህን እ.ኤ.አ. በ1935 በሕግ አጸኑት። ሳንሴር ካለ ነጩ የሚሠራው ሶቪኞን ብላን ከሚባል የወይን ፍሬ ነው። ቦዦሌ ካለ ቀዩ ጋሜ ነው። ክሮዝ ኤርሚታዥ ካለ ቀዩ በዋናነት ሲራ ነው። አልዛስ የሚባለው አካባቢ ግን የፍሬውን ስም መጻፍ ይወዳል።

ከመቅዳታችሁ በፊት

ነጩን ከፍሪጅ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ አውጡት። በጣም ከቀዘቀዘ ሽታው ይደበቃል። ቀዮቹን ደግሞ በተቃራኒው ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስገቧቸው። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚባለው ቤቶች እንደ ዛሬው በማይሞቁበት ዘመን የተለመደ አባባል ነው። ሞቅ ያለ ቀይ ወይን አልኮሉ ብቻ ይጎላል። ለክሮዝ ኤርሚታዥ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለቦዦሌ ከ12 እስከ 14 ጥሩ ነው።

አፉ ጠበብ ያለ፣ እግር ያለው ብርጭቆ ይሻላል። ከሲሶው በላይ አትሙሉ። ሽቶም ተቀብታችሁ አትምጡ።

ቀለሙን አይታችሁ እለፉ

ነጭ ወረቀት ላይ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። ቀይ ወይን እያረጀ ሲሄድ ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ያደላል። ነጭ ደግሞ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ቀለም ላይ አትቆዩ፤ ዓይን ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ ቦርዶ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የተደረገ አንድ ጥናት ላይ ለ54 የወይን ሙያ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀይ ማቅለሚያ የቀላ ነጭ ወይን ቀረበላቸው። እነሱም ሽታውን በቀይ ወይን ቃላት ገለጹት። ባለሙያ ለመሆን የሚማሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

አፍንጫ ላይ ጊዜ ውሰዱ

መጀመሪያ ብርጭቆውን ሳታወዛውዙ አሽትቱ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አዙሩትና ደግማችሁ አሽትቱ። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ቡሹ ወይኑን አበላሽቶታል። የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ ሌላ ክፈቱ።

ሳንሴርን ስታሸቱ ሎሚና ገና የታጨደ ሣር ፈልጉ። እኔ የበዓል ማለዳ ቄጤማ ትዝ ይለኛል። ቦዦሌ ላይ እንጆሪ፣ አንዳንዴም ሙዝ ይመጣል። ይህን ጋሜ የሚባል ፍሬ የቡርጎኙ መስፍን ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1395 ከግዛቱ እንዲነቀል አዝዞ ነበር። ደግነቱ ደቡብ ላይ፣ ቦዦሌ ውስጥ ተረፈ።

ክሮዝ ኤርሚታዥ ላይ ቁንዶ በርበሬ ፈልጉ። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። ሮተንዶን የሚባለው ንጥረ ነገር ቁንዶ በርበሬ ውስጥም ሲራ ውስጥም አለ። ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ግን ይህን ሽታ ጨርሶ ላይለየው ይችላል። ስለዚህ ጓደኛችሁ «አልሸተተኝም» ካለ እመኑት።

ቃላት ከመለዋወጣችሁ በፊት ሁላችሁም የሸተታችሁን በየወረቀታችሁ ጻፉ። አንድ ሰው ቀድሞ ከተናገረ የሌላው አፍንጫ እሱን ይከተላል።

አሁን ቅመሱ

ትንሽ ጎንጭ በሉና ወይኑን አፋችሁ ውስጥ አንከባሉት። ከዚያ በከንፈራችሁ መሃል ትንሽ አየር ሳቡ። የእኛ ቡና ቀማሾች ቡናውን በማንኪያ ወስደው ድምፅ እስኪያሰማ የሚስቡት ለዚሁ ነው፤ ሽታው በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል።

ሶስት ነገር ጠብቁ። አንዱ ኮምጣጣነት ነው። ከዋጣችሁ በኋላ አንገታችሁን ደፋ አድርጉ፤ ምራቃችሁ ከሞላ ወይኑ ኮምጣጣ ነው። ሳንሴር ላይ ይህን አታጡትም። ሁለተኛው ታኒን ነው። ብዙ ሰው ከመራራነት ጋር ያምታታዋል። የጠጅ ጌሾ መራራ ነው፤ ታኒን ግን ስኳር እንደሌለው ወፍራም ሻይ ድድና ምላስን የሚያደርቅ ነገር ነው። ክሮዝ ኤርሚታዥን ከቦዦሌ ቀጥላችሁ ስትቀምሱ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል። ሶስተኛው ጉሮሮ ላይ የሚሰማው የአልኮል ሙቀት ነው።

ከዋጣችሁ ወይም ከተፋችሁ በኋላ ጣዕሙ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ቁጠሩ። ፈረንሳዮች ለዚህ መለኪያ አላቸው፤ አንዷ ሰከንድ አንድ «ኮዳሊ» ትባላለች። መትፋት ደግሞ ነውር አይደለም። በየሰዉ ፊት አንድ ኩባያ አስቀምጡ፤ በተለይ መኪና የሚነዳ ካለ።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ሐሳብ አለኝ። የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ ዝዋይ ላይ ባቋቋመው እርሻ ከተተከሉት የወይን ዓይነቶች አንዱ ሲራ ነው። የዝዋይን ሲራ ከክሮዝ ኤርሚታዡ ጎን ቅዱት። ቁንዶ በርበሬው ቀዝቀዝ ባለ አገር ነው የሚበረታው። የትኛው ላይ እንደምታገኙት እዩ።

ምግብን በተመለከተ፣ ቅምሻው ሲያልቅ ብሉ። ከሳንሴር ጋር የፍየል አይብ የአካባቢው ልማድ ነው፤ በጣምም ይስማማል። ዶሮ ወጥ ከሆነ ግን ታኒን የበዛበትን ቀይ ተዉት፤ በርበሬው ያቃጥላል፣ ወይኑም ይሻክራል። ትንሽ ጣፋጭነት ያለው፣ «ደሚ ሴክ» የሚል ቩቭሬ የተባለ የፈረንሳይ ነጭ ወይን ከወጥ ጋር ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ቃጠሎውን ያበርደዋል።

የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ቀዩንም ጭምር። በማግስቱ ማታ ሲራውን አውጥታችሁ ትንሽ ሲሞቅ ድጋሚ ቅመሱት። አየር ስለነካው ታኒኑ ለስለስ ሊል ይችላል። የትናንቱን ወረቀታችሁን አጠገባችሁ አድርጉ።