የአኩሪ አተር ሥጋችሁ ሽሮ ከሆነ፣ ማሽኑን ሳትፈቱ ፋጉሎውን ፈትሹ

ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ስልኬ ፋታ አይሰጠኝም። ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከገላን የሚደውለው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ «የአኩሪ አተሩ ሥጋ አልይዝ አለኝ፤ ናና ማሽኑን እየው።» ባለ አንድ ስክሪው ኤክስትሩደር፣ ማለትም ሊጡን እያበሰለ በሚሽከረከር ስክሪው የሚገፋውን ማሽን፣ ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑን ጤነኛ ሆኖ አገኘዋለሁ። ቺንጋው መወጠሩን፣ ኩሽኔታው ግራሶ መጠጣቱን፣ ሦስቱም ፌዝ መግባታቸውን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ሲዘፈዘፍ የሚሟሟ

ከዳዩ፣ ማለትም ከማሽኑ መውጫ አፍ፣ ሲወጣ ደህና ይመስላል፤ ደርቆ ሲታሸግም ያምራል። የፈላ ውሃ ሲነካው ግን ጉዱ ይወጣል፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ቁራጩ በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይልማል። ጤነኛው ሩብ ሰዓት ተዘፍዝፎ ሲጨመቅ እንደ ስፖንጅ ተመልሶ ይነሳል፤ በእጅ ሲቀደድ እንደ ዶሮ ፈረሰኛ በክር በክር ይለያያል። ቡራዩ ያሉ አንዲት እናት ከአንድ ምግብ ቤት የተመለሰላቸውን ሁለት ኬሻ እያሳዩኝ፣ «ልጄ፣ ለጥብስ የሰጠኋቸው ሽሮ ሆኖባቸው ላኩልኝ» አሉኝ።

መንስኤው ፋጉሎው፣ ማለትም ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው የአኩሪ አተር ዱቄት፣ ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት መብሰሉ ነው። የአኩሪ አተር ፕሮቲን ክር የሚሠራው ጥሬነቱን ይዞ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። እዚያ በሙቀትና በግፊት ይለሰልሳል፣ በስክሪው እየተገፋ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዘረጋል፣ ከዳዩ ሲወጣ በዚያው ይረጋል። ቀድሞ የበሰለ ፕሮቲን ይህን አያደርግም፤ የተቀቀለ እንቁላል ተመትቶ ኦምሌት አይሆንምና።

ታዲያ የበሰለ ፋጉሎ ከየት መጣ? ለዶሮ መኖ ከተዘጋጀው ነው። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለ የቢሾፍቱ ዶሮ አርቢ በደንብ የተቆላውን ይፈልጋል፤ ልክም ነው። ለዶሮ የተመሰገነው ግን ለእኛ የሞተ ዱቄት ነው። ቤተ ሙከራ የምትልኩ ከሆነ በውሃ የሚሟሟው ፕሮቲን ከጠቅላላው ፕሮቲን ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚደርሰውን ፈልጉ፤ በደንብ የተቆላው ወደ 20 ይወርዳል። «ጥሬው ሆድ ይነፋል» የሚለኝ አይጠፋም። ያንን አጋጅ ኤክስትሩደሩ ራሱ በሙቀቱ ይሰብረዋል፤ ሁለት ጊዜ ማብሰል አያስፈልግም።

ገላን ያለ አንድ ባለቤት እኔን ከመጥራቱ በፊት ለሁለት ባለሙያዎች ከፍሎ፣ ስክሪው አስቀይሮ፣ ዳዩን ቶርኖ ቤት ልኮ አስፍቷል። ስደርስ የማሽኑን ክዳን ሊፈታልኝ ካቻቢቴ ይዞ ቆሟል። ገና ከበሩ የቆሎ ሽታ ተቀበለኝ። ጆንያውን ከፍቼ ብዘግን ዱቄቱ ቡናማ ነው። «ጋሼ፣ ሎሚ አለ?» አልኩት። ሻይ ሊያስቀርብልኝ የፈለግሁ መሰለው።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ፤ ትኩስ ውሃ አይሁን። ግማሽ ሰዓት እያማሰላችሁ ቆዩና በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። በጠለለው ላይ ሎሚ ጭመቁበት። ዱቄቱ ሕይወት ካለው እንደ ወተት የነጣው ውሃ ዓይናችሁ እያየ እንደ አይብ ይቋጠራል፣ ከላይ ጥርት ያለ አጓት ይተዋል። የሞተ ከሆነ እንደ እጣቢ ቆሞ ይቀራል። የገላኑ ሰው ሎሚ ጨምቆ ጨምቆ ፍሬው ሲያልቅበት፣ የገዛውን አዲስ ስክሪው ዞር ብሎ አየው። ምንም አላልኩትም።

መፍትሔ ለተቃጠለው የለም። ሙቀት ብትጨምሩ፣ ውሃ ብትቀንሱ፣ የሞተ ፕሮቲን አይነሳም። ለዶሮ አርቢ ሽጡትና ከቀዝቃዛ መጭመቂያ የወጣ፣ ክሬም መልክ ያለው ፋጉሎ ግዙ። ናሙና ሳትፈትሹ ሙሉ ጭነት አትቀበሉ። ባለፈው ወር ጥሩ የሰጠ ነጋዴ በዚህ ወርም ጥሩ ይሰጣል ብላችሁ አትመኑ። ከጭነቱ ላይኛውን ጆንያ ብቻ አትፈትሹ፤ ጥሩው ሁልጊዜ ከላይ ነው።

ቅባት የበዛበትም በዚሁ ይመደባል። በመጭመቂያ ብቻ የወጣ ፋጉሎ ከ6 እስከ 8 በመቶ ዘይት ሊቀርበት ይችላል። ዘይቱ ሲሊንደሩን ያሟልጨዋል፤ ስክሪው ሊጡን እንደመግፋት አብሮት ይሽከረከራል፣ ክር አይዘረጋም። ጭብጥ ዱቄት በወረቀት ጠቅልላችሁ ጨብጡ። ወረቀቱ ዘይት ካሳለፈ ፋጉሎውን ደግማችሁ ጭመቁት፣ ወይም ዘይቱ ከወጣለት ዱቄት ጋር ቀላቅሉት። ጥቂት የስንዴ ግሉተንም ክሩን ያጠነክራል።

ወንፊት የሚመስል፣ እንደ ፈንዲሻ የሚቀል

ውሃ አንሶታል ወይም ሙቀቱ በዝቷል። ሊጡ ከዳዩ ሲወጣ በውስጡ ያለው ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ደግሞ እንፋሎቱ ይብስበታል። ከውጭ ከመጣ መመሪያ የተቀዳ ቁጥር ሱሉልታ ላይ አልሠራም ቢላችሁ አይግረማችሁ። የሲሊንደሩን የመጨረሻ ክፍል ሙቀት ከ140 እስከ 160 ዲግሪ ባለው ውስጥ በ5 በ5 ዝቅ እያደረጋችሁ ሞክሩ።

የውሃው ስሌት ብዙ ሰው ያሳስታል። 8 በመቶ እርጥበት ያለውን 100 ኪሎ ዱቄት ወደ 25 በመቶ ለማድረስ 17 ሊትር የሚጨምር አለ። አይደርስም፤ የጨመራችሁት ውሃ ጠቅላላ ክብደቱንም ያሳድገዋል። የሚያስፈልገው ወደ 23 ሊትር ነው። ጨምራችሁ እንዳበቃችሁም ወዲያው ማሽን ውስጥ አትክተቱት፤ ሸፍናችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት፣ አለዚያ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ አቧራ ሆኖ ይገባል።

አንዴ ወፍራም አንዴ ቀጭን የሚወጣ

ዱቄቱ መክተቻው ውስጥ እንደ ድልድይ ቆሞ ይሆናል፤ በእንጨት ነካ አድርጉት። በእጃችሁ አትሞክሩት! ስክሪው ጣት ከዱቄት አይለይም።

መክተቻው ደህና ከሆነ መብራቱን ለኩ። 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ ማታ 190 ሲገባ የማሞቂያ ቀለበቱ ኃይል በሩብ ይቀንሳል፤ ኃይሉ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚወርደው። ዓለም ገና ላይ አንድ ማሽን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ብቻ ድንጋይ ያወጣ ነበር። ጎረቤቱ ብየዳ ቤት ነው።

ስክሪው የተበላ ከሆነ ሊጡ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መክተቻው አካባቢ ላብ ታያላችሁ። አዲስ ግዙ ወይም በጠንካራ ብረት አስሞሉ። በተራ ኤሌክትሮድ በርካሽ የተሞላ ስክሪው በወር ያልቃል፤ ያለቀው ብረት የት ሄደ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ማግኔት በደረቀው ምርት ላይ አሳልፉና እዩት።

ጥቁር ነጠብጣብና የተቃጠለ ሽታ፦ የዳዩ ጥግ አልጸዳም። ሙቀት መለኪያው ከጉድጓዱ ወጥቶ አየር ሲለካም እንዲሁ ያደርጋል።

መብራት ሲጠፋ

ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው ሊጥ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ማፍሰሻው መተንፈስ እስኪያቆምና ግፊት መለኪያው ዜሮ እስኪሆን ጠብቁ። ከዚያ ጓንት አድርጋችሁ፣ በጎን ቆማችሁ፣ የዳዩን ብሎኖች በየተራ ጥቂት ጥቂት አላሉ። ገና ትኩስ ሳለ ዳዩን አውጥታችሁ ስክሪውን ሳቡት።

ከበረደ ደግሞ መጀመሪያ ዳዩን ፍቱ፣ ከዚያ አሙቁ። ዳዩ ተዘግቶ እንዳለ ማሞቂያ የሚያበራ ሰው ቦምብ እየሠራ ነው፤ ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ያጣል። የዳይ ቡሽ የቆርቆሮ ግድግዳ በስቶ ውጭ የቆመ ጋሪ ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሪውን የሚገፋው ልጅ ሻይ ሊጠጣ ሄዶ ነበር።

ተዘፍዝፎም የማይለሰልስ

ክሩ ደህና ሆኖ መሃሉ ደረቅ ከቀረ ጥፋቱ የምርቱ ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ለቆላ አገር የተጻፈ የ10 ደቂቃ መመሪያ እዚህ አይበቃም። ከየምርቱ አንድ እፍኝ መዝናችሁ ዘፍዝፉ፤ ሲወጣ ከክብደቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ እስኪደርስ የፈጀውን ደቂቃ ጻፉና መለያው ላይ ያንን አሳትሙ።