ሲጢጥ የሚል የሴራሚክ ወለል፦ ጥፋቱ ከሥር ነው

ለንደን ውስጥ የሐበሻ ቤት ልጠግን ስጠራ፣ ነገሩ ፎቅ ላይ ያለ መታጠቢያ ቤት ከሆነ ገና ደረጃውን ሳልወጣ ጥፋቱን እገምታለሁ። «ወንድሜ፣ በረገጥኩት ቁጥር ሲጢጥ ይላል። ፉጋውን፣ የሴራሚኮቹን መሃል ክፍተት፣ ሁለቴ አስሞላሁት፣ ተመልሶ ተሰነጠቀ።» ሦስተኛም ብታስሞይው ይሰነጠቃል እህቴ።

እዚህ አገር የብዙ ቤቶች ፎቅ ኮንክሪት አይደለም። ሞራሌ፣ ማለትም ወፍራም አራት ማዕዘን እንጨት፣ ተደርድሮ ላዩ ላይ ቺፑድ የሚባለው የተጨመቀ እንጨት ጣውላ ይነጠፋል። ቺፑዱ በምስማር ብቻ ከተመታ በጊዜ ብዛት ይላላል። ስትረግጡት ይወርዳል፣ ስትለቁት ይነሳል። ድምፁ እንጨቱና ምስማሩ ሲፋተጉ የሚወጣ ነው። ሴራሚክ ደግሞ መታጠፍ አያውቅም። መጀመሪያ ፉጋው ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ራሱ።

ስንጥቁን እዩት። ቀጥ ያለ መስመር ከሠራና 60 ሳንቲሜትር አለፍ ብሎ ሌላ መስመር ካለ፣ የቺፑዱ መገጣጠሚያ ነው። ብዙውን ጊዜ ቺፑዱ የሚሸጠው 2.4 ሜትር በ60 ሳንቲሜትር ሆኖ ነው። አንድ ቤት ሴራሚኩን ሳነሳ፣ ሙሉው ቺፑድ የተያዘው በአራት ምስማር ነበር። አራቱም ማዕዘኑ ላይ! መሃሉ እንደ ሽቦ አልጋ ይረግባል። ላዩ ላይ የተለጠፈው ግን ውድ ሴራሚክ ነው። ለላዩ ከፍለው ለሥሩ የሚሰስቱ ሰዎች ያናድዱኛል።

መፍትሄው ሴራሚኩን ማንሳት ነው፣ አቋራጭ የለውም። ቺፑዱን በየሞራሌው ላይ በቪቴ፣ በሚጠመዘዘው ምስማር፣ እሰሩት፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር እያራራቃችሁ። የቪቴው ርዝመት የቺፑዱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ተኩል ይሁን። መገጣጠሚያው ላይ የእንጨት ኮላ ጨምሩ። ከዚያ 6 ሚሊሜትር የሲሚንቶ ቦርድ በማጣበቂያና በቪቴ ደርቡበት፤ የቦርዱ መገጣጠሚያ ከቺፑዱ መገጣጠሚያ ጋር እንዳይገጥም። ሴራሚኩን የምትለጥፉበት ማጣበቂያ «ኤስ 1» (S1) የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ የሚለጠጥ ይሁን። ርካሹን ተራ ዱቄት ይዛችሁ አትጥሩኝ።

ተጠንቀቁ! ቪቴ ከመምታታችሁ በፊት የቧንቧና የኤሌክትሪክ መፈለጊያ መሣሪያ ተጠቀሙ። የማሞቂያው ቧንቧ ሞራሌው አናት ላይ ተቆርጦለት፣ ልክ ከቺፑዱ ሥር ያልፋል። አንድ ደንበኛዬ ራሱ ሲመታ ቧንቧውን በሳው። ቪቴው ቀዳዳውን ስለደፈነው ምንም አልታየም። ከወራት በኋላ ቪቴው ዝጎ የወጥ ቤቱ ኮርኒስ ወረደ።

የቺፑዱ ጠርዝ አብጦ በጣት የሚፈረፈር ከሆነ ቪቴ አትፍጁበት፣ ቆርጣችሁ ቀይሩት። ውሃ የጠጣ ቺፑድ ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም። ጥፋቱ አንዳንዴ የሽንት ቤቱ ቧንቧ ነው፣ አንዳንዴ ግን የእኛው ነው። አገር ቤት እንደለመድነው ውሃ ቸልሰን በመጥረጊያ እናጥባለን። እዚያ ሥሩ ኮንክሪት ነበር፣ ማፍሰሻም ነበረው። እዚህ ውሃው የሚሄደው ሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ነው። ጨምቃችሁ ወልውሉ።

ድምፁ ከግድግዳው ጥግ ብቻ ከሆነ ሴራሚኩ ግድግዳውን እየነካ ይሆናል፤ ጥጉን 5 ሚሊሜትር ክፈቱና በሲሊኮን ሙሉት። ሞራሌው ራሱ የተሰነጠቀበት ቤት አልፎ አልፎ ያጋጥማል፣ እሱን ለአናጢ ተዉት።

አዲሱን ሴራሚክ 24 ሰዓት አትርገጡት። «ቀስ ብዬ ነው የረገጥኩት» የምትሉኝን አላምናችሁም።