የተማሪ አጭር ፊልም፦ ከስክሪፕት እስከ ተመልካች

አጭር ፊልም ለመሥራት የተነሡ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚጨነቁት ስለ ካሜራ ነው። ካሜራ ግን ዛሬ ከሁሉም የቀለለው ጉዳይ ሆኗል፤ የኪስ ስልክ እንኳ ለትልቅ ስክሪን የሚበቃ ምስል ያወጣል። ፊልሙን ከዳር የሚያደርሱት ወይም መንገድ ላይ የሚያስቀሩት ሌሎች ውሳኔዎች ናቸው፤ ርዝመቱ፣ የድምፁ ጥራት፣ የሙዚቃው መብት እና ሥራው መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ። እነዚህ ሁሉ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ሊታሰብባቸው ይገባል፤ ዘግይተው የታሰበባቸው እንደሆነ ለማረም ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶቹም ከነጭራሹ አይታረሙም።

በተለመደው የስክሪፕት አጻጻፍ አንድ ገጽ በግምት አንድ የስክሪን ደቂቃ ይሆናል። የኦስካር ሽልማትን የሚሰጠው አካዳሚ አጭር ፊልም የሚለው የባለሙያዎቹን ስም ዝርዝር ጨምሮ ከ40 ደቂቃ ያልበለጠውን ሲሆን፣ የካን ፌስቲቫል የአጭር ፊልም ውድድር ግን ከ15 ደቂቃ በላይ የሆነ ሥራ አይቀበልም። የመጀመሪያ ፊልሙን የሚሠራ ተማሪ ከ10 ደቂቃ ባያልፍ ይመረጣል። ፌስቲቫሎች አጫጭር ፊልሞችን በአንድ ዝግጅት ደርድረው ስለሚያሳዩ፣ 25 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ቦታ ለማግኘት 8 ደቂቃ ከሚፈጁ ሦስት ፊልሞች ተሽሎ መገኘት አለበት፤ ይህ ደግሞ ለጀማሪ ቀላል ፉክክር አይደለም።

ስክሪፕቱ ውስጥ መግባት ያለበት ካሜራ የሚያየውና ማይክሮፎን የሚሰማው ብቻ ነው። «አባትየው ልጁን በማስከፋቱ ተጸጽቷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለልብ ወለድ ይሆን ይሆናል እንጂ ሊቀረጽ አይችልም። «አባትየው እስከ ልጁ ክፍል በር ድረስ ይሄዳል፤ ለማንኳኳት ያነሣውን እጁን መልሶ ኪሱ ይከታል» የሚለው ግን ለተዋናዩም ለካሜራ ባለሙያውም ምን መሥራት እንዳለባቸው ይነግራቸዋል። ሁለት ወይም ሦስት ገጸ ባሕርያትና አንድ ወይም ሁለት የቀረጻ ቦታ ያለው ታሪክ መምረጥ የአቅም ማነስ ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ቡድኑ ዕቃ ተሸክሞ ሲጓዝ የሚያጠፋውን ሰዓት ለልምምድ እንዲያውለው ያስችላል።

ስክሪፕቱ ሲጸድቅ ትእይንቶቹ በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በቦታና በብርሃን ተቧድነው የቀረጻ መርሐ ግብር ይወጣላቸዋል። ከተዋንያኑና ከቦታው ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድ መቀበል፣ ተዋናዩ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነም ወላጁን ማስፈረም የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። ፊልሙ ተጠናቆ ፌስቲቫል የፈቃድ ሰነድ ሲጠይቅ ፈራሚ ፍለጋ መሯሯጥ አድካሚ ነው፤ የሚያኮርፍ ሰው ካለ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

በቀረጻ ጊዜ ካሜራው በሴኮንድ 24 ወይም 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንዲቀዳ ተደርጎ የሻተሩ ፍጥነት፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/50 ሴኮንድ አካባቢ ቢሆን እንቅስቃሴው ዐይን የለመደውን የሲኒማ መልክ ይይዛል። በስልክ የሚቀረጽ ከሆነ ስልኩ በራሱ እንዳይቀያይራቸው የብርሃን መጠኑና ፎከሱ መቆለፍ አለባቸው፤ ያለዚያ ተዋናዩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ እየፈካና እየደበዘዘ ያስቸግራል። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ በመካከላቸው እንደተሰመረ የሚታሰበውን መስመር ካሜራው እንዳይሻገር መጠንቀቅም ያስፈልጋል፤ ከተሻገረ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ።

ድምፅ ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ትኩረት ይሻል፤ ተመልካች የደበዘዘ ምስልን ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግርን ግን አይታገሥም። ማይክሮፎኑ ካሜራው ላይ ተሰክቶ እንዲቀር ማድረግ የተማሪ ፊልሞች የተለመደ ድክመት ነው። ካሜራው ከሚያየው ምስል ጠርዝ ትንሽ ውጭ ሆኖ በተቻለ መጠን ወደ ተናጋሪው አፍ መቅረብ አለበት። ቅጂው በ48 ኪሎኸርትዝ ሆኖ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ፣ ማለትም መቅጃው ሳያበላሽ ሊይዘው ከሚችለው የመጨረሻ ልክ፣ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢያርፍ ለድንገተኛ ጩኸት ቦታ ይተርፋል፤ አንድ ሰውም በጆሮ ማዳመጫ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መከታተል ይኖርበታል። ቀረጻው ቤት ውስጥ ከሆነ ፍሪጁ ይጠፋል፤ የመኪናውን ወይም የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ማስቀመጥ የቆየ የባለሙያዎች ዘዴ ነው፤ ወደ ቤቱ ሊሄድ ቁልፉን ለማውጣት ፍሪጁን የሚከፍት ሰው መልሶ ማብራቱን ያስታውሳልና። ከቦታው ከመነሣት በፊት ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ቢያንስ 30 ሴኮንድ የክፍሉ ባዶ ድምፅ ይቀዳል። ኤዲተሩ በንግግሮች መካከል ያሉትን ክፍተቶች የሚሞላው በዚህ ድምፅ ነው፤ ካልተቀዳ ቆረጣው ሁሉ በጆሮ ይታወቃል።

የማስተዋወቂያው ሥራ መጀመር ያለበትም እዚሁ ቀረጻው ቦታ ላይ ነው። ብዙዎች ለፖስተር የሚሆን ፎቶ ከቪዲዮው ላይ ቆርጠን እናወጣለን ብለው ያስባሉ፤ ነገር ግን በ1/50 የተቀዳ ፍሬም እንቅስቃሴ ባለበት ሁሉ የተድበሰበሰ ስለሚሆን ለኅትመት አይመችም። አንድ ትእይንት ተቀርጾ ሲያበቃ ተዋናዩ ሁለት ደቂቃ እንዲቆይ ተደርጎ፣ ለምሳሌ ያ ለማንኳኳት የተነሣ እጅ፣ በፎቶ ካሜራ ለብቻው ቢነሣ በኋላ የፖስተሩም የፌስቲቫል መጽሔቱም ፎቶ ከዚያ ይወጣል። በዕለቱ የተቀዳው ሁሉ ሳያድር በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች መገልበጥ ይኖርበታል፤ ከዚያ በፊት የካሜራው ካርድ አይጠረግም።

ለኤዲቲንግ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ ቅጂ ስላለው ለተማሪ በቂ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ሲጠናቀቅ ስክሪፕቱን ጨርሶ ላላነበበ ሰው ይታያል፤ «ወደድከው ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ያየውን ታሪክ መልሶ እንዲተርክ ማድረግ ይሻላል። ተራኪው የሚሳሳትበት ቦታ ፊልሙ የሳተበት ቦታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያው ላይ ያለው ዝግ ያለ መግቢያ ያለ ምንም ጉዳት ሊቆረጥ ይችላል።

በሙዚቃ ረገድ የባለቤቱን ስም መጥቀስ ፈቃድ እንደማይተካ በግልጽ መታወቅ አለበት። አንድ የታወቀ ዘፈን ሁለት መብት አለው፤ አንዱ የድርሰቱ፣ ሌላው የተቀረጸው ድምፅ ሲሆን ለፊልም ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ፣ ማለትም ባለቤቱ ሌሎች በተወሰነ ገደብ እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ በሚሰጠው ፈቃድ፣ የተለቀቀ ሙዚቃም ቢሆን «መለወጥ አይፈቀድም» የሚል ገደብ ካለበት ከምስል ጋር ሊቀናበር አይችልም። ሙዚቃ ከሚያጠና ተማሪ ጋር በጽሑፍ ተዋውሎ አዲስ ዜማ ማሠራት ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ ነው።

ፊልሙ ሲጠናቀቅ ወዲያው ዩቲዩብ ላይ መጫን የሚያጓጓ ቢሆንም፣ አንዳንድ ፌስቲቫሎች በኢንተርኔት በይፋ የታየ ሥራ አይቀበሉም። ስለዚህ መጀመሪያ ማመልከቻው ይቀድማል፤ እስከዚያው ድረስ ፊልሙ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ማስፈንጠሪያ ብቻ ይታያል። እንደ ፊልምፍሪዌይ ባሉ የኢንተርኔት መድረኮች በአንድ ገጽ ለብዙ ፌስቲቫሎች ማመልከት ይቻላል። ክፍያው ቀነ ገደቡ በቀረበ ቁጥር ስለሚጨምር ቀድሞ መላክ ይጠቅማል፤ የተማሪ ዘርፍ ወይም ቅናሽ መኖሩን በትሕትና መጠየቅም ነውር የለውም። ለታወቁ ፌስቲቫሎች ብቻ በመላክ ያለውን ገንዘብ ሁሉ መጨረስ ግን ጥሩ ስሌት አይመስለኝም፤ የተማሪ ፊልሞችን ለይተው የሚያሳዩ አነስተኛ ፌስቲቫሎች የመመረጥ ዕድሉን ያሰፉታል።

ከፊልሙ ጋር የሚላከው የአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጫ ራሱን የቻለ ልፋት ይጠይቃል። «ስለ ቤተሰብና ስለ ይቅርታ የሚያወሳ ፊልም» ማለት ምንም አይነግርም። «ከልጁ ጋር ለዓመታት የተኳረፈ አባት፣ ልጁ ከአገር ከመውጣቱ በፊት በቀረችው አንድ ሌሊት እርቅ ለማውረድ ይሞክራል» ቢባል ግን ሰውየው፣ ፍላጎቱና የጊዜው ጥበት በአንድነት ይታያሉ። ከዚህ ሌላ አጭር የታሪክ ማጠቃለያ፣ የዳይሬክተሩ መግለጫ፣ ጥቂት ፎቶዎች፣ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ ማስታወቂያና በሌላ ቋንቋ የተዘጋጀ የግርጌ ትርጉም ያስፈልጋሉ።

የፌስቲቫሉ ጊዜ አልፎ ፊልሙ በኢንተርኔት ሲለቀቅ፣ ተዋንያኑና ሠራተኞቹ በአንድ ቀን እንዲያጋሩት አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ለማኅበራዊ ሚዲያ በቁመት የተዘጋጁና ጽሑፍ ያለባቸው ቅንጭብጫቢዎች ይሻላሉ፤ ብዙ ሰው በስልኩ የሚያየው ድምፁን አጥፍቶ ነውና። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት ከመበተን ይልቅ የፊልሙ ጉዳይ በቀጥታ ለሚመለከታቸው ማኅበራትና ክበባት ለየብቻቸው መጻፍ የተሻለ ምላሽ ያስገኛል። የግርጌ ጽሑፍ ያልታተመበት ንጹሕ ቅጂና ንግግሩ፣ ሙዚቃውና ሌሎች ድምፆቹ የተለያዩበት ፋይልም በጥንቃቄ ይቀመጣሉ፤ በሌላ ቋንቋ ሊያሳየው የሚፈልግ ጣቢያ ወይም አሳዪ ቢመጣ የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው።